ኩስቶና ውሃ የሚውጠው ቀይ ቀለም

ዣክ ኢቭ ኩስቶን ዓለም የሚያውቀው በባሕር አሳሽነቱ ነው። ለእኛ ለመሐንዲሶች ግን ሌላው ገጽታው ይበልጥ ይጠቅመናል ባይ ነኝ፤ ይኸውም በውሃ ውስጥ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ሁሉ የሚገጥመውን የቀለም ችግር ለብዙ ዓመታት የታገለ መሆኑ ነው። የግድብ በር ወይም የፓምፕ መምጠጫ ቱቦ ዝጎ እንደሆነ በፎቶግራፍ ለመመርመር የሚፈልግ ባለሙያ የሚሻው ቀለም ቀይ ነው፤ ውሃ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስደው ይህንኑ ቀለም ነው። በአዳማ፣ በቆቃ፣ በባቱና በሌሎቹም የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለምንሠራ ባልደረቦች ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም።

ኩስቶ በ1910 ቦርዶ አጠገብ በምትገኘው ሴንት አንድሬ ደ ኩብዛክ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ13 ዓመቱ የመጀመሪያ የፊልም ካሜራውን ገዛ። በ1930 በብሬስት ወደሚገኘው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ፤ ምኞቱ አብራሪ መሆን ነበር። ይሁን እንጂ በደረሰበት ከባድ የመኪና አደጋ ክንዶቹ ስለተሰበሩ የበረራው ነገር ቀረ። በ1936 በቱሎን ጠረፍ ጉልበቱን ለመመለስ ሲዋኝ ባልደረባው ፊሊፕ ታዬ የውሃ መነጽር ሰጠው። ከዚያች ቀን ወዲህ ሐሳቡ ወደ ባሕሩ ዞረ።

የጀርመን ወረራ ዘመን ነበርና የፊልም ጥቅል እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ኩስቶና ጓደኞቹ ለፎቶግራፍ የሚሸጡ አጫጭር ጥቅሎችን እየገዙ፣ ጫፍ ለጫፍ እያጣበቁ፣ ሌዎን ቬሽ የተባለ የእጅ ባለሙያ በሠራላቸው ውሃ የማያስገባ ሣጥን ውስጥ ካሜራውን አድርገው በ1942 በ18 ሜትር ጥልቀት የመጀመሪያ ፊልማቸውን ሠሩ። ያን ጊዜ የሚጠልቁት ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኩስቶ በኤር ሊኪድ ኩባንያ ይሠራ ከነበረው መሐንዲስ ከኤሚል ጋኛ ጋር ተገናኘ። ጋኛ ቤንዚን በጠፋበት በዚያ ወቅት መኪናዎች በጋዝ እንዲሠሩ የሚያስችል ቫልቭ ነድፎ ነበር፤ ይህ ቫልቭ ሞተሩ በሳበው መጠን ብቻ ጋዝ ይለቃል። በሞተሩ ፈንታ የሰው ሳንባ ቢተካስ? የ1943ቱ አኳ ላንግ የተገኘው ከዚህ ነው። ለሌላ ሥራ የተነደፈ ዕቃ በቦታው ሲውል ምን እንደሚያደርግ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ጠልቆ መቆየት ሲቻል የቀለሙ ችግር ጎልቶ ወጣ። ከኩስቶ የቅርብ ጓደኞች አንዱ ፍሬደሪክ ዱማ በጥልቁ ውስጥ ዓሣ ሲወጋ የፈሰሰው ደም አረንጓዴ ሆኖ ታየ፤ ወደ ላይ ሲወጡ ግን ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ፣ በመጨረሻም ወደ ቀይ ተለወጠ። የደሙ ቀለም ሳይሆን ብርሃኑ ነበር የተለወጠው። በንጹሕ ባሕር ውስጥ ቀዩ ጨረር በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ይዳከማል፣ በ10 ሜትር ላይ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ ብርቱካንማውና ቢጫው በየተራ ይከተሉታል። መቆጠር ያለበትም ብርሃኑ በውሃ ውስጥ የሚጓዘው መንገድ በሙሉ ነው። ነገሩ በ3 ሜትር ጥልቀት ላይ ቢሆንና ካሜራው 2 ሜትር ቢርቅ፣ ብርሃኑ በትንሹ 5 ሜትር ውሃ አቋርጧል ማለት ነው።

ከሰማይ የመጣው ቀይ በመንገድ ከጠፋ ሌላ ብርሃን ይዞ መውረድ ግድ ነው። ኩስቶ ካሊፕሶ የተባለችውን የቀድሞ ፈንጂ ጠራጊ መርከብ በ1950 አግኝቶ በ1951 መጨረሻ ወደ ቀይ ባሕር ተጓዘ። (በዚያው አካባቢ፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት ጊዜ፣ በ1952 እና 1953 አንድ የጣሊያን ቡድን በዳህላክ ደሴቶች የባለቀለም ፊልም ቀርጿል፤ የፎልኮ ኩሊቺ ፊልም በ1954 ለሕዝብ ታይቷል።) የኤሌክትሪክ ፍላሽ ጠቢቡ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተንም ከካሊፕሶ ጋር መሥራት ጀመረ። ኩስቶ ከሉዊ ማል ጋር የሠራውና በ1956 በካን የወርቅ ዘንባባ የተሸለመው «የዝምታው ዓለም» ፊልም፣ ጠላቂዎች የማግኒዚየም ችቦ ይዘው ሲወርዱ፣ ከመርከቧ በኬብል በተሳበ መብራትም ቀይ ድንጋያማ ዛጎሎች በእውነተኛ መልካቸው ሲወጡ ያሳያል። በዚያው ፊልም ላይ ዓሣ ለመቁጠር ሲባል ዲናሚት መፈንዳቱና ሻርኮች መገደላቸው ግን ዛሬ ሲታይ የሚያሳፍር ነው።

ኩስቶ ያበረታታው ቤልጂያዊ መሐንዲስ ዣን ደ ዉተር በእጅ የሚያዝና ያለ ሣጥን ውሃ የሚችል ትንሽ ካሜራ ሠራ፤ ኒኮን በ1963 ኒኮኖስ ብሎ ወረሰው። ዛሬ ኪስ የሚገባው ዲጂታል ካሜራም የሚታዘዘው ለዚያው ሕግ ነው። መጀመሪያ ወደ ነገሩ መቅረብ፣ ከተቻለ ከአንድ ሜትር በታች። ቀጥሎ ፍላሹን ወይም መብራቱን ከሌንሱ ርቆ በሰያፍ መያዝ፤ ከካሜራው ጋር የተሠራው ፍላሽ ፊት ለፊት ሲያበራ በውሃው ያለውን ደቃቅ አፈር እንደ በረዶ ነጠብጣብ ያሳያል። በፀሐይ ብርሃን ብቻ ሲነሣ፣ በዚያው ጥልቀት ነጭ ሰሌዳ አሳይቶ የካሜራውን ነጭ ሚዛን ማስተካከል ይረዳል። ቀይ ማጣሪያ የሚጠቅመው ሰማያዊ በሆነ ንጹሕ ውሃ፣ ያውም ያለ ፍላሽ ነው።

ይህን የመጨረሻውን አሳስባለሁ፤ የውጭ አገር መመሪያ የሚጻፈው ለባሕር ነውና። እንደ ላንጋኖ ባለ ቡናማ ውሃ፣ ወይም አዋሽ በክረምት ደለሉን ሲያወርድ በቆቃ፣ የተንሳፈፈው አፈር አስቀድሞ የሚውጠው ሰማያዊውን ነው፤ ቀይ ማጣሪያ ቢጨመርበት ንጹሑ ብረት ራሱ የዛገ ይመስላል። በእንዲህ ያለ ውሃ ቅርበትና በሰያፍ የተያዘ መብራት ከማንኛውም ማጣሪያ ይበልጣሉ። የታወቁ ቀለማት ያሉበትን ካርድ ከብረቱ አጠገብ አድርጎ ማንሣት ደግሞ ዝገቱን ከውሃው ቀለም ለመለየት ማስረጃ ይሆናል።

ኩስቶ በ1963 በሱዳን ጠረፍ በሻብ ሩሚ ሰዎች ለአንድ ወር በ10 ሜትር ጥልቀት እንዲኖሩ አድርጎ ስለዚሁ የሠራው ፊልም ኦስካር አገኘ። በኋላ ድምፁን ለባሕር ጥበቃ አዋለ። በ1979 የሥራ አጋሩ የነበረው ልጁ ፊሊፕ በሊዝበን በአውሮፕላን አደጋ ሞተበት። በጥር 1996 ካሊፕሶ ሲንጋፖር ላይ በጀልባ ተገጭታ ሰጠመች፤ ከውሃው ብትወጣም ወደ ሥራ አልተመለሰችም። ኩስቶም በሰኔ 1997፣ በ87 ዓመቱ፣ ፓሪስ ውስጥ ዐርፎ በትውልድ ከተማው ተቀበረ።