ጋዳላ ጉባራ፦ የዓይናቸው ብርሃን ጠፍቶም ፊልም የሠሩት ሰው

ባለፈው የትምህርት ዘመን ማብቂያ ላይ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ወደፊት ምን መሆን እንደሚፈልጉ በወረቀት ጽፈው እንዲሰጡን ጠይቀን ነበር። እንደ ወትሮው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ፓይለት፣ ነጋዴ የሚሉ መልሶች በረከቱ። አንዱ ወረቀት ላይ ግን ዳይሬክተር የሚል ቃል ብቻ ሰፍሯል። ልጁ የእኔን ወንበር የተመኘ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጠርቼ ሳነጋግረው ለካስ የእሱ ዳይሬክተር ሌላ ነው፤ የሚፈልገው ፊልም መሥራት ኖሯል።

እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን ጥሩ መልስ አልሰጠሁትም። ፊልም እንጀራ እንደማይሆን፣ ይልቅ የሒሳብ ውጤቱን ቢያሻሽል እንደሚበጀው ነግሬ ሸኘሁት። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ይህን ያህል ዘመን በማስተማር የቆየሁ ሰው ስለማላውቀው ሙያ እንደ አዋቂ መናገሬ አሳፈረኝ። ስለዚህ የፊልም ዳይሬክተር ሥራ ምን እንደሆነ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። በመንገዴ ካገኘኋቸው ሰዎች መካከል ልቤን የያዙት ከሩቅ አገር የመጡ አይደሉም። ጁባ የሱዳን ከተማ በነበረችበት ዘመን ካሜራ ተሸክመው ያቺን ሰፊ አገር የዞሩት ጋዳላ ጉባራ ናቸው። ሕይወታቸውን ለተማሪዎቻችን፣ ለወላጆችና ለመምህራን በአጭሩ ላካፍላችሁ። ዓመታቱን የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጋዳላ ጉባራ በ1920 ካርቱም ተወለዱ። ያን ጊዜ ሱዳን በስም የእንግሊዝና የግብፅ የጋራ ግዛት ትባል እንጂ በተግባር የምትተዳደረው በእንግሊዞች ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ወጣቱ ጋዳላ በእንግሊዝ ጦር የመገናኛ ክፍል ገብተው አገለገሉ። ከፊልም ሙያ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ የወታደርነት ዘመን ነው። ፊልም የሚያስተምር ትምህርት ቤት በአገራቸው አልነበረም፤ ሙያውን ያገኙት ለሌላ ጉዳይ በሄዱበት ቦታ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ የቅኝ ገዢው መንግሥት የፊልም ክፍል ቀጠራቸው። ሥራው ዛሬ ብዙ ወጣት የሚመኘው ዓይነት አልነበረም። ስለ እርሻና ስለ ጤና የሚያስተምሩ አጫጭር ፊልሞችን እየያዙ ከከተማ ከተማ፣ ከመንደር መንደር መዞር ነው። በዚያን ዘመን ተንቀሳቃሽ ሲኒማ የሚባለው በመኪና የሚጓዝ ጄኔሬተር፣ የፊልም ማሳያ መሣሪያና ነጭ ሸራ ነበር። ሲመሽ ሸራው ይወጠራል፤ ሕዝቡ መሬት ላይ ተቀምጦ ያያል። ፊልም ከመሥራቱ በፊት ሕዝብ ፊልም ሲያይ በቅርብ መመልከት የቻለ ሰው ዕድለኛ ነው። የት እንደሚስቁ፣ የት ዝም እንደሚሉ፣ የት ተነስተው እንደሚሄዱ ያያል። ጋዳላም ቀስ በቀስ ከማሳየት ወደ መቅረጽ ተሸጋገሩ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሱዳናውያን የፊልም ካሜራ ባለሙያዎችም አንዱ ሆኑ።

ጥር 1 ቀን 1956 ሱዳን ነፃነቷን አወጀች። በካርቱም የእንግሊዝና የግብፅ ባንዲራዎች ወርደው ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴው የሱዳን ባንዲራ ሲሰቀል ጋዳላ ጉባራ ካሜራቸውን ይዘው እዚያ ነበሩ። በጊዜው 35 ዓመት ገደማ ቢሆናቸው ነው። የዚያን ቀን ሥዕል ዛሬ የምናየው እንደ እሳቸው ያለ ሰው በሰዓቱ በቦታው ስለተገኘ ነው።

ጁባ ውስጥ የሚያድግ ልጅ ግን ይህን ሥዕል ሲያይ ሌላም ነገር ማሰብ አለበት። ያ ባንዲራ ከመሰቀሉ ጥቂት ወራት በፊት፣ በነሐሴ 1955፣ ከጁባ ብዙም በማይርቀው በቶሪት ወታደሮች አምፀው ነበር። በካርቱም የደስታ ቀን የነበረው በደቡብ የጥርጣሬ ቀን ነበር። ካሜራ የሚቀርጸው የቆመበትን ቦታ ነው። ሌላ ቦታ የቆመ ካሜራ ከሌለ የዚያ ቦታ ሰዎች ታሪክ ሳይቀረጽ ያልፋል። የፊልም ዳይሬክተር የመጀመሪያ ውሳኔም ይኸው ነው፤ ካሜራው የት ይቁም? ማንን ይይ?

እዚህ ላይ ለተማሪዎቻችን ስለ ሥራው ጥቂት ልበል። የድሮ ፊልም በሰከንድ 24 ፎቶግራፍ እያነሳ የሚያልፍ ጥቅል ነበር። በብዙ ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው ባለ 16 ሚሊሜትሩ ፊልም፣ 30 ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ጥቅል ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። ከዚያ በኬሚካል መታጠብ፣ መገልበጥ፣ መቆረጥና መቀጠል፣ ድምፅ መጨመር አለበት። በዚህ ሁሉ ገንዘብ ይወጣል። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ነበረበት። ዛሬ በስልካችን ሰዓታት እንቀርጻለን፤ ነገር ግን ምን እንደምንፈልግ ካላወቅን ከዚያ ሁሉ ሦስት ጥሩ ደቂቃ አይወጣም። ዳይሬክተር ማለት በጽሑፍ ያለውን ታሪክ አንብቦ ተዋናዩን፣ የካሜራ ባለሙያውን፣ የድምፅና የመብራት ሠራተኛውን ወደ አንድ ሐሳብ የሚያመጣና ለውጤቱም ተጠያቂ የሚሆን ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መጮህ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ የእኔንም ሥራ አላወቃችሁትም ማለት ነው።

ጋዳላ ጉባራ በረጅም የሥራ ዘመናቸው ከ50 በላይ ዘጋቢ ፊልሞችን ሠርተዋል። የካርቱምን መንገዶችና ሰዎች፣ የአገሪቱን ሥራና ግንባታ፣ የየዘመኑን ታላላቅ ሁነቶች ቀርጸዋል። በአህጉር ደረጃም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1969 በዋጋዱጉ የተጀመረውን ፌስፓኮ የተባለ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል እና የአፍሪካ ፊልም ሠሪዎችን ፌዴሬሽን ከመሠረቱት ሰዎች መካከል ናቸው። አፍሪካውያን በሌሎች ሰዎች ፊልም ውስጥ አጃቢ ሆነው ብቻ እንዳይቀሩ የተሰባሰበው ያ ትውልድ ነው። ከጎንደር ወጥቶ አሜሪካ ፊልም የተማረው የእኛው ኃይሌ ገሪማ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን በአማርኛ ሲሠራ የተቀላቀለው ይህንኑ ጉዞ ነበር።

በ1974 ጋዳላ ስቱዲዮ ጋድ የተባለውን የራሳቸውን ስቱዲዮ ከፈቱ። በሱዳን የመጀመሪያው የግል የፊልም ስቱዲዮ ይባላል። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ፣ የመንግሥት ሥራ የለመዱ ሰው ደመወዛቸውን ትተው የራሳቸውን ሥራ ሲጀምሩ ቤተሰባቸው ምን ተሰምቶት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ የመጀመሪያውን ረጅም የልብ ወለድ ፊልማቸውን «ታጁጅ»ን አቀረቡ። ታሪኩ በምሥራቅ ሱዳን፣ ወደ እኛ ድንበር በሚያዋስነው አካባቢ ሲነገር የኖረ የፍቅር ታሪክ ነው፤ መጨረሻውም ኀዘን ነው። ጋዳላ ታሪክ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። አያቶች ለልጆች የሚነግሩትን ነው ያነሱት።

ከልጆቻቸው አንዷ ሣራ ትባላለች። ሣራ በሕፃንነቷ በፖሊዮ ተይዛ እግሯ ተጎድቶ ነበር። ይህች ልጅ ዋና ለመደች፤ ከዚያም አልፋ የሱዳን የዋና ሻምፒዮን ሆነች። አባቷ በ1984 «ቪቫ ሣራ» የተሰኘውን ፊልም ስለ እሷ ሠሩ። ፊልሙ ጣሊያን አገር፣ ከካፕሪ ደሴት እስከ ኔፕልስ ስላደረገችው የባሕር ዋና ነው። ሣራ በኋላ ራሷም የፊልም ትምህርት ተምራ ሙያውን ያዘች። ይህ ነገር ቀጥሎ ለመጣው ጊዜ ምን ያህል እንደጠቀመ አሁን ታያላችሁ።

ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በሱዳን የሲኒማ ዘመን ጨለመ። ሲኒማ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ፊልም ሠሪዎች ተሰደዱ ወይም ሥራ ፈቱ። የጋዳላ ስቱዲዮም ተወሰደባቸው። ሁለተኛውን ረጅም ፊልማቸውን ያወጡት በ1998 ነው። ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው 20 ዓመት ያህል አለፈ ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ፤ የዓይናቸው ብርሃን ጠፋ።

ዓይን ለፊልም ሠሪ ሁሉ ነገር ነው ብለን ስናስብ እዚህ ላይ ታሪኩ ያበቃ ይመስለናል። አላበቃም። ጋዳላ ጉባራ ዕድሜያቸው ከ80 አልፎ፣ ዓይነ ስውር ሆነው ሦስተኛ ረጅም ፊልማቸውን ጀመሩ። የመረጡት የቪክቶር ሁጎን ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ እኛ በአማርኛ «ምንዱባን» ብለን የምናውቀውን። ዳቦ ሰርቆ ብዙ ዓመት የታሰረውን ሰው ታሪክ ወደ ሱዳን አምጥተው በሱዳናውያን ተዋናዮች ሠሩት። የሚያዩላቸው ልጃቸው ሣራ ነበረች። ፊልሙ በ2006 ተጠናቀቀ። ለካስ የዳይሬክተር ዋና ሥራ ምን መታየት እንዳለበት ማወቅ ኖሯል። በካሜራው ቀዳዳ ሌላ ሰው ሊያይለት ይችላል፤ ምን መታየት እንዳለበት የሚያውቅለት ግን የለም። በዚያው ልክ እሳቸውን ያቆመቻቸው ልጃቸው መሆኗንም አንርሳ። አባት ልጁን ውሃ ውስጥ ስትታገል ቀረጻት፤ ልጅ ደግሞ ለአባቷ ዓይን ሆነችለት።

ጋዳላ ጉባራ በ2008 በ88 ዓመታቸው አረፉ። ትተውት የሄዱት ሀብት ብዙ የፊልም ጥቅል ነው። ፊልም ደግሞ ሙቀትና አቧራ አይወድም፤ ቀስ በቀስ ይበላሻል። ካርቱም ሙቀትም አቧራም አላት። ቤተሰቡ በርሊን ከሚገኝ አርሰናል ከተባለ የፊልም ተቋም ጋር ተባብሮ ብዙዎቹን ወደ ዲጂታል ቅጂ እንዲገለበጡ አደረገ። ከዚያ በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሳ። ያ ጦርነት በከተማዋ ምን እንዳደረሰ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ በሬንክ በኩል ሸሽተው የመጡ ቤተሰቦች ጎረቤቶቻችን ናቸው። ቅጂዎቹ አስቀድመው ከከተማዋ ወጥተው ባይቀመጡ ኖሮ የ1956ቱ ባንዲራና የካርቱም የድሮ መንገዶች ዕጣ ምን ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ።

ይህን ሳነብ የራሳችንን ትምህርት ቤት አሰብኩ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፎቶግራፎቻችን በአብዛኛው በጠፉና በተሰበሩ ስልኮች ውስጥ ቀርተዋል። ሐምሌ 9 ቀን 2011 ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ስታውጅ በጁባ ስንት ሺህ ስልክ እንደቀረጸ እናውቃለን፤ ዛሬ ከነዚያ ስንቱ ተቀምጧል? ወላጆቻችን እዚህ እንዴት እንደመጡ፣ የመጀመሪያውን ሱቅ ወይም ምግብ ቤት እንዴት እንደከፈቱ፣ በጭንቁ ጊዜ ማን ማንን እንዳስጠለለ ማን ቀርጾታል? ሌላ ሰው መጥቶ አይቀርጽልንም።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ፊልም ሠሪ መሆን እፈልጋለሁ ቢላችሁ እንደ እኔ አትቸኩሉ። ገንዘቡ ጥቂት፣ መንገዱ ረጅም መሆኑን ግን አትደብቁት። የጋዳላ ሕይወት ሁለቱንም ያሳያል። ከ50 ዓመት በላይ ሠርተው ሦስት ረጅም ፊልም ብቻ ነው የሠሩት፤ ስቱዲዮአቸውንም አጥተዋል። ተማሪዎች ደግሞ ከታች መጀመርን አትናቁ። እሳቸው የጀመሩት የሌላ ሰው ፊልም ለሌላ ሰው በማሳየት ነው። መምህራን ባልደረቦቼም፣ ቋንቋ፣ ታሪክና ሒሳብ ለዚህ ሙያ የማያስፈልጉ እንዳይመስሏችሁ። ታሪክ የማያነብ ዳይሬክተር ምን ይሠራል? ጥቅሉ ስንት ደቂቃ እንደሚበቃው የማያሰላስ?

ያንን ልጅ እንደገና ጠራሁት። ስቸኩል የተናገርኩትን አንስቼ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ከዚያም የቤት ሥራ ሰጠሁት። የአባቱን አንድ የሥራ ቀን በስልክ ቀርጾ ከአምስት ደቂቃ ሳያስበልጥ እንዲያመጣ ነው። አባቱ የውሃ ቦቴ ሹፌር ናቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አመጣልኝ። ገና ሳይነጋ ከወንዙ ዳር ውሃ ለመቅዳት ተራ ሲጠብቁ፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር፣ በጁባ አረብኛ ከደንበኛ ጋር ሲከራከሩ፣ ማታ ደክመው ጫማቸውን ሲያወልቁ ይታያሉ። ድምፁ ጥሩ አይደለም፤ ሥዕሉም ይንቀጠቀጣል። በወላጆች ቀን አሳየነው። አባቱ ከኋላ ቆመው እስከ መጨረሻው ተመለከቱ፤ ሲያልቅ ከአዳራሹ ወጥተው ብዙ ቆይተው ተመለሱ።

የሒሳብ ውጤቱ አሁንም መሻሻል አለበት። የፊልሙን ሁለት ቅጂ ግን አስቀምጠናል፤ አንዱ በትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ከጁባ ውጭ።