ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ፦ ጄኔቫ የደረሰ ዙፋን፣ ደብረ ታቦር የቀረ ትዳር

መስከረም 17 በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ሕይወት ኹለት ጊዜ ታላቅ ቀን ኾኗል። በ1909 ዓ.ም በዕለተ መስቀል ልጅ ኢያሱ ተሽረው እርሳቸው ለዙፋን ተመረጡ። ልክ በሰባተኛው ዓመት፣ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም፣ በእርሳቸው ዘመነ መንግሥት ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ኾነች።

ዘውዲቱ በ1868 ዓ.ም ከዳግማዊ ምኒልክ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ፤ ባላቸውን ግን በ1880 ዓ.ም ሞት ነጠቃቸው። ከዓመታት በኋላ የእቴጌ ጣይቱን የወንድም ልጅ፣ የበጌምድሩን ገዥ ራስ ጉግሳ ወሌን አገቡ።

ዘውዱ ዋጋ አስከፈላቸው። መኳንንቱ የራስ ጉግሳን መበርታት ስለ ሰጉ ባልና ሚስቱን አለያዩ። ንግሥቲቱ አዲስ አበባ ነገሡ፤ ራስ ጉግሳ ደብረ ታቦር ተቀምጠው በጌምድርን ገዙ። ራስ ተፈሪ መኮንንም አልጋ ወራሽ ኾኑ።

ወደ ማኅበሩ የመግባቱን ጉዳይ የገፉት ራስ ተፈሪ ናቸው። ኢትዮጵያ ከቅኝ ግዛት የወጣች አዲስ ሀገር አልነበረችም፤ ነጻነቷን በዐድዋ ያጸናች ጥንታዊት መንግሥት ነበረች። ይኹንና በደጃዝማች ናደው የተመራው ልዑክ ጄኔቫ ሲደርስ በሩ ወዲያው አልተከፈተም። ፈረንሳይ ስትደግፍ እንግሊዝና ሌሎች የባሪያ ንግድንና የጦር መሣሪያ ዝውውርን አንሥተው አመነቱ። ኢትዮጵያ ኹለቱን ለመግታት ቃል ገብታ በሙሉ ድምፅ ተቀባይነት አገኘች። በመጋቢት 1916 ዓ.ም ባሪያዎች ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ።

በሀገር ውስጥ ግን የአልጋ ወራሹ ኃይል በበረታ ቁጥር ቅሬታው ሰፋ። በ1921 ዓ.ም ራስ ተፈሪ ንጉሥ ሲባሉ የራስ ጉግሳ ቅሬታ ወደ ጦር አመራ። የበጌምድር ጦርና የማዕከላዊው መንግሥት ሠራዊት መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም በአንችም ገጠሙ። አውሮፕላን በወረቀት ውግዘት፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ፤ ራስ ጉግሳም በውጊያው ወደቁ። ንግሥቲቱ ከኹለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 24፣ ዐረፉ፤ በታዕካ ነገሥት በዓታ ተቀበሩ።

ያ የጄኔቫ ቃል ኪዳን በ1928 ዓ.ም ጣሊያን ስትወርር ሀገራቸውን አላዳናትም። ኾኖም ኢትዮጵያ በእርሳቸው ዘመን ያገኘችው ወንበር በደሏን በዓለም ፊት የምታሰማበት መድረክ ኾናት።