አለን ቱሪንግ፤ መኪናን ቼዝ ያስተማረ ሰው

በመተማ ቆላ የቀትር ፀሐይ ሲበረታ፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ በእጅ ስልክ ከኮምፒውተር ጋር ቼዝ መጫወት ለብዙዎቻችን የዕረፍት ጊዜ ማሳለፊያ ሆኗል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ስልኩ ተጋጣሚያችን ምን ያህል ብርቱ እንዲሆን እንደምንፈልግ ይጠይቀናል። ዝቅተኛውን ደረጃ የመረጠ ጀማሪ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ከፍተኛውን የመረጠ ግን የዓለም ሻምፒዮን እንኳ ቢሆን መሸነፉ አይቀርም። ለመሆኑ ለአንድ መኪና ኀይል ወሰን የሚደረግለት እንዴት ነው? ይህን ለመረዳት የእንግሊዛዊውን ሊቅ የአለን ቱሪንግን የሕይወት ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አለን ቱሪንግ ሰኔ 23 ቀን 1912 በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ በህንድ አገር የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ነበረ፥ አለንና ታላቅ ወንድሙ በእንግሊዝ አገር በሰው ቤት አደጉ። በ1926 ሸርቦርን ወደሚባለው ትምህርት ቤት በሚገባበት ጊዜ በአገሩ ሁሉ የሠራተኞች አድማ ተደርጎ ባቡር ቆሞ ነበር። የ13 ዓመቱ ልጅ ግን የትምህርቱ መጀመሪያ ቀን አያምልጠኝ ብሎ፥ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በብስክሌት ተጉዞ፥ አንድ ሌሊት በመንገድ አድሮ ከትምህርት ቤቱ ደረሰ።

በዚያ ትምህርት ቤት ክሪስቶፈር ሞርኮም የሚባል በሳይንስ የበረታ ጓደኛ አገኘ። ነገር ግን ይህ ወጣት ከታመመች ላም ወተት በተላለፈበት የሳንባ ነቀርሳ ዓይነት ምክንያት በ1930 ሞተ። ከብት በሚረባበት በእኛ ቆላ ለምንኖር ሰዎች ወተትን ሳያፈሉ መጠጣት ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ይህ ታሪክ ያስታውሰናል። አለን በጓደኛው ሞት እጅግ አዘነ፤ ሁለቱ አብረው ሊሠሩት ያሰቡትን ሥራ ብቻውን ለመፈጸም ቆርጦ ተነሣ። የሰው አእምሮ ከሥጋው ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ መመርመርም ከዚያ ጀምሮ የዘወትር ሐሳቡ ሆነ።

በ1931 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሒሳብ ትምህርት ተማረ። በ1936 ገና 24 ዓመት ሳይሞላው ስሙን ያስጠራውን ጽሑፍ አዘጋጀ። በዚህም ጽሑፍ ረጅም ጥብጣብ ላይ ምልክት የምትጽፍና የምትሰርዝ አንዲት መኪና በሐሳቡ ፈጠረ። በተወሰነ ደንብ ሊሰላ የሚችለውን ነገር ሁሉ ይህች አንዲት መኪና ልታሰላው እንደምትችል አስረዳ። ደግሞም ማናቸውም መኪና ከቶ ሊመልሳቸው የማይችላቸው ጥያቄዎች መኖራቸውን አረጋገጠ። እንግዲህ ኮምፒውተር የሚባለው ነገር ገና ሳይሠራ፥ ኀይሉም ወሰኑም በአንድ ወጣት ብዕር ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ሲጀመር፥ ቱሪንግ የጀርመኖችን ምስጢር ለመፍታት ብሌችሊ ፓርክ በሚባል ስፍራ ከተሰበሰቡት ሊቃውንት አንዱ ሆነ። ኤኒግማ በተባለው መሣሪያ የሚጻፈውን ስውር መልእክት ለመፍታት የሚያገለግል መኪና ነደፈ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህ ሥራ ጦርነቱ ቶሎ እንዲያልቅ ረድቷል ይላሉ። በዚያ ስፍራ አብረውት ከሚሠሩት መካከል እንደ ሂው አሌክሳንደር ያሉ የታወቁ የቼዝ ጌቶች ነበሩ። ቱሪንግ ራሱ ግን ደካማ ተጫዋች ነበረ። ይሁን እንጂ ለራሱ የጐደለውን ጥበብ ለመኪና ማስተማር ይቻል እንደ ሆነ ማሰብ የጀመረው በዚሁ ዘመን ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ከወዳጁ ከዴቪድ ቻምፐርኖውን ጋር ሆኖ ቼዝ የሚያጫውት ደንብ አዘጋጀ። ስሙንም ከሁለቱ ስም አጣምረው ቱሮቻምፕ አሉት። ደንቡ ለእያንዳንዱ ጠጠር ዋጋ ይሰጣል፤ ለወታደር 1፥ ለፈረስ 3፥ ለንግሥት 10። ከዚያም እኔ ይህን ባንቀሳቅስ ባላጋራዬ ምን ይመልሳል እያለ ይመረምራል። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት የት እንደሚደርስና ባላጋራው ምን እንደሚወስድበት በልቡ እንደሚቈጥረው ያለ ነው። በገበጣ ሩቅ የሚቈጥር እንደሚያሸንፍ ሁሉ፥ የቼዝ መኪናም ብርታቷ የሚለካው በይበልጥ ወደ ፊት አርቃ በማየቷ ነው።

የዚያን ጊዜ ኮምፒውተሮች ግን ይህን ደንብ ለመሥራት አቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ ቱሪንግ በ1952 ወረቀትና እርሳስ ይዞ፥ ራሱ በመኪናዋ ፈንታ ሆኖ፥ ከአሊክ ግሌኒ ጋር ተጫወተ። አንዱን እርምጃ ለማስላት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበት ነበር። በ29ኛው እርምጃ ንግሥቲቱ ተያዘችና ጨዋታው በግሌኒ አሸናፊነት ተፈጸመ። ደንቡ የራሱን እርምጃና የባላጋራውን መልስ፥ ከዚያም አልፎ መበላላቱን ብቻ ስለሚመለከት፥ ከዚያ ወዲያ የተሸሸገውን ወጥመድ ሊያይ አልቻለም።

ቱሪንግ ግን በዚህ አላፈረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በ1947 ባደረገው ንግግር፥ ፈጽሞ እንዳትሳሳት የምትጠበቅ መኪና አስተዋይ ልትሆን እንደማትችል አስረድቶ ነበር። ልጅ እየተሳሳተ እንደሚማር፥ መኪናም ለስሕተቷ ምሕረት ሊደረግላት ይገባል ባይ ነበረ።

ይህን ምሕረት ለእርሱ የሰጠው ሰው ግን አልተገኘም። በዚያው በ1952 ከወንድ ጋር ስለ ነበረው ግንኙነት፥ የጊዜው የእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ይለው ስለ ነበረ፥ ተከሶ ተፈረደበት። ከእስራት ለመዳን ሰውነቱን የሚለውጥ መድኀኒት እንዲወጋ ተገደደ፤ ያገለግል ከነበረበት የመንግሥት ምስጢራዊ ሥራም ተወገደ። ሰኔ 7 ቀን 1954 በ41 ዓመቱ በመርዝ ሞተ፤ መርማሪውም ራሱን እንደ ገደለ ወሰነ። የአገሩ መንግሥት በ2009 ስለ ተፈጸመበት በደል ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2013 ንግሥቲቱ ምሕረት ሰጠች፤ በ2021 መልኩ በ50 ፓውንድ ኖት ላይ ታተመ። ነገር ግን ይህ ሁሉ የመጣው እርሱ ካረፈ ከ50 ዓመት በኋላ ነው።

የጀመረው ሥራ ግን አልሞተም። በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር በአንድ ሴኮንድ እስከ 200 ሚሊዮን አቀማመጥ እየመረመረ የዓለሙን ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን አሸነፈ። ካስፓሮቭም በ2012 በቱሪንግ መቶኛ የልደት መታሰቢያ ከጥንታዊው ቱሮቻምፕ ጋር ተጫውቶ በ16 እርምጃ ድል አደረገው። ዛሬ ችግሩ ተገልብጧል፤ መኪናዋን ማበርታት ሳይሆን ለሰው ተስማሚ አድርጎ ማድከም አስቸጋሪ ሆኗል። ለዚህም ሠሪዎቹ ወደ ፊት የምታየውን ርቀት ያሳጥራሉ፤ የማሰቢያ ጊዜዋን ይቀንሳሉ፤ ወይም አልፎ አልፎ ሆን ብላ መጥፎውን እርምጃ እንድትመርጥ ያደርጋሉ። ሆኖም በዚህ መንገድ የደከመች መኪና ስሕተቷ እንደ ሰው ስሕተት አይደለም። አሥር ጊዜ እንደ ጌታ ተጫውታ፥ በአሥራ አንደኛው ንግሥቷን ያለ ምክንያት ልትሰጥ ትችላለች። ሰው የሚሳሳተው ፈርቶ፥ ቸኩሎ ወይም ተመክቶ ነው፤ ይህን የመሰለውን ድካም ለመኪና ማስተማር ብርታትን ከማስተማር ይልቅ ከብዷል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በስልካችሁ ላይ ዝቅተኛውን ደረጃ ስትመርጡ አትፈሩ፤ ስትሸነፉም የት እንደ ተሳሳታችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ መርምሩ። ለመኪና ቼዝን ለማስተማር ያሰበው ሰው ራሱ ደካማ ተጫዋች ነበረ፤ መኪናውም በወረቀት ላይ ተሸንፋለች። በክፍላችንም አንዱ ጓደኛችን ተሳስቶ ሲመልስ ከመሳቃችን በፊት አለን ቱሪንግን እናስታውስ። ለመኪና ምሕረት የለመነውን ሰው አገሩ በሕይወት ሳለ ምሕረት ነፍጋው፥ ገና ሊሠራው ይችል የነበረውን ሥራ ሁሉ አጥታዋለችና።