ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ (1887–1939 ዓ.ም.)፦ የትምህርት ቤት መድረክ ቀዳሚ አዘጋጅ

መግቢያ

በቴያትር ጥበባት ትምህርት ክፍሎች ተማሪ አዘጋጅ አጭር ተውኔት መርጦ፣ ተዋንያን መልምሎና አለማምዶ ለመድረክ ማብቃቱ የሥልጠናው አካል ነው። በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ የምናውቀው የትምህርት ቤት ክበባት ድራማም የዚሁ ልማድ ታናሽ ወንድም ነው። የልማዱን ምንጭ የሚሻ ሰው የሚደርሰው ከመምህርና ባለቅኔ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ዘንድ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወታቸውን ከመምህርነታቸው አንጻር ይቃኛል፤ ሥራቸው በተማሪ መድረክ ላይ መመሥረቱ ምን እንዳስገኘና ምን እንዳሳጣም ይመረምራል።

ከቅኔ ቤት ወደ ትምህርት ቤት

ዮፍታሔ በ1887 ዓ.ም. በጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ያደጉት በቤተ ክህነት ትምህርት ሲሆን፣ በቅኔ ችሎታቸው ታውቀው ቀኝ ጌታ ተባሉ። የቅኔ ቤት ሥርዓት ለሰሜን ወሎ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚነሣው የዋድላ ቅኔ መገኛ እዚሁ ነውና። በዚያ ሥርዓት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ከመምህሩና ከጓደኞቹ ፊት ቆሞ ያሰማል፤ መምህሩ ቃሉን፣ ዜማውንና ምስጢሩን እዚያው ያቀናለታል። ድርሰት፣ ክዋኔና እርማት በአንድ ጉባኤ የሚገናኙበት ይህ ልምድ ለኋላው የመድረክ ሥራቸው መሠረት ሆኗል ማለት ይቻላል።

ወደ አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ዘመኑ ለቴያትር የተመቸ አልነበረም። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፋቡላ በመኳንንቱ ፊት ከታየ በኋላ፣ ተውኔቱ የአስተዳደሩን ጉድለት በእንስሳት ተረት የሚነቅፍ በመሆኑ ንግሥት ዘውዲቱ አግደውት ነበር። ቴያትር ዳግም ያንሠራራው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ በጫኑበት ሰሞን ሲሆን፣ መጠለያ ያገኘውም በትምህርት ቤት ግቢ ነው። ሙያተኛ ተዋናይ ባልነበረበት ጊዜ ዮፍታሔና የዘመን አቻቸው መላኩ በጎሰው ተማሪዎችን ተዋናይ አደረጉ፤ የሴት ገጸ ባሕርያትን ሳይቀር ወንዶች ልጆች ይጫወቱ ነበር።

ዮፍታሔ ደራሲም፣ ገጣሚም፣ አዘጋጅም ነበሩ። ከተውኔቶቻቸው አንዱ ጥቅም ያለበት ጨዋታ መባሉ አቋማቸውን ይጠቁማል፤ መድረክ ለእርሳቸው ደስ እያሰኘ የሚያስተምር ጉባኤ ነበር። ዜማም ከተውኔቶቻቸው አልተለየም። ከአርመናዊው የሙዚቃ መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር በመድረክ ሥራ የተባበሩ ሲሆን፣ ናልባንዲያን ላዘጋጁት የመጀመሪያው ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ግጥሙን የጻፉት ዮፍታሔ ናቸው።

ስደት፣ ምልሰትና ዕረፍት

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ሲይዝ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ተማሪዎች ተበተኑ። ዮፍታሔም ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በስደትም ብዕራቸውን ለነጻነት ትግሉ አዋሉ። በ1933 ዓ.ም. ወደ አገር ተመልሰው አፋጀሺኝ የተባለውን ተውኔት ለመድረክ አበቁ፤ በዚህም አገሪቱን በሴት አምሳል በማቅረብ የወረራውን ዘመን መከራ አሳዩ። ሰምና ወርቁ ከቅኔ ቤት ወደ ቴያትር መሻገሩ ከሌሎቹ ሥራዎቻቸው ይልቅ በዚህ ጎልቶ ይታያል። በ1939 ዓ.ም. በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው አረፉ።

ያተረፈውና የጎደለው

በተማሪ ላይ የተመሠረተው መድረክ ሁለት ውጤት ነበረው። በአንድ በኩል ቴያትር ያለ ሕንጻና ያለ ሙያተኛ ጓድ ሊኖር እንደሚችል አረጋገጠ። በሌላ በኩል ሁሉም ነገር በመምህሩ አንደበትና በልጆቹ ትዝታ ላይ ስለቆመ፣ ሰዎቹ ሲበተኑ ዝግጅቱ አብሯቸው ሄደ። ከተውኔቶቻቸው ብዙዎቹ በዘመናቸው አልታተሙም። ገጣሚውና የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ዮሐንስ አድማሱ የሕይወታቸውንና የጽሑፋቸውን ታሪክ ባያጠኑ ኖሮ የሚጎድለው ከዚህም በበዛ ነበር፤ ያ ጥናት ራሱ በመጽሐፍ የወጣው አጥኚው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በዚህም የተረፈልን በአመዛኙ ግጥሙ ነው፤ ልጆቹ እንዴት እንደ ቆሙ፣ እንዴት እንደ ተናገሩና እንዴት እንደ ተለማመዱ የሚያስረዳ መዝገብ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

በ1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ሲቋቋም የአዘጋጅነት ሥራ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ። ዮፍታሔ በመምህርነታቸው የያዙት ስፍራ ለተማሪው ተላለፈ፤ የመመዝገብ ኃላፊነቱም አብሮ ሊተላለፍ ይገባል።

ማጠቃለያ

ጉዳዩ ለሰሜን ወሎ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የተካሄደው ጦርነት በወልድያ፣ በመርሳና በአካባቢው ትምህርት ቤቶችን ከነንብረታቸውና ከነመዛግብታቸው ጎድቷል። ስለዚህ ተማሪ አዘጋጅ የሚያቀርበው አጭር ተውኔት ጽሑፉ፣ የመድረክ እንቅስቃሴ ማስታወሻውና የተዋንያኑ ዝርዝር ቢያንስ በሁለት ቦታ ቢቀመጥ፣ አንዱም ከትምህርት ቤቱ ውጭ ቢሆን፣ ወጪው ትንሽ ጥቅሙ ብዙ ነው። የዮፍታሔ ተማሪዎች የሠሩትን ዛሬ ማየት አንችልም፤ የእኛን ዘመን ተማሪዎች ሥራ ግን ለነገ አጥኚ ማቆየት በእጃችን ነው።