ኧርነስት ኤቨረት ጀስት

ኧርነስት ኤቨረት ጀስት (ነሐሴ 9 ቀን 1875 ዓ.ም. – ጥቅምት 17 ቀን 1934 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 1883 – ኦክቶበር 27 ቀን 1941) አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ነበሩ። በይበልጥ የሚታወቁት በባሕር እንስሳት እንቁላልና በፅንሰት ላይ ባደረጉት ምርምር ነው። በዘመናቸው ብዙ ተመራማሪዎች እንቁላልን የወንዴ ዘር (ስፐርም) መጥቶ እስኪቀሰቅሰው ድረስ ምንም ሳይሠራ የሚጠብቅ አካል አድርገው ይመለከቱት ነበር። ጀስት ግን የእንቁላሉ ገጽ ራሱ በፅንሰት ላይ ዋና ድርሻ እንዳለው አሳዩ። ጥቁር በመሆናቸው ምክንያት በአገራቸው ታላላቅ የምርምር ተቋማት ቋሚ የሥራ ቦታ ሳያገኙ ሕይወታቸው አልፏል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ጀስት የተወለዱት በደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ በቻርልስተን ከተማ ነው። አባታቸው ቻርልስ ጀስት የሞቱት ኧርነስት የአራት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። እናታቸው ሜሪ ማቲውስ ጀስት ልጆቻቸውን ያሳደጉት በመምህርነትና ከከተማዋ አጠገብ በሚገኘው በጀምስ ደሴት በፎስፌት ማዕድን ማውጫ እየሠሩ ነበር። በአካባቢው የነበሩ ጥቁሮች መሬት ገዝተው የራሳቸውን መንደር እንዲመሠርቱ ያስተባበሩትም እሳቸው ናቸው፤ መንደሩም በስማቸው ሜሪቪል ተባለ።

ጀስት በልጅነታቸው በታይፎይድ በሽታ ክፉኛ ታመው ነበር። ከበሽታው ሲድኑ ማንበብ ረስተው ስለነበር ፊደልን እንደገና ከመጀመሪያው መማር ነበረባቸው። በ13 ዓመታቸው በኦሬንጅበርግ ወደሚገኘው የጥቁሮች ኮሌጅ ተላኩ፤ በ16 ዓመታቸው ደግሞ ወደ ሰሜን ተጉዘው በኒው ሃምፕሸር ግዛት ኪምቦል ዩኒየን አካዳሚ ገቡ። እዚያ በሚማሩበት ጊዜ እናታቸውን ሊጠይቁ ወደ ቤት ቢመለሱም፣ የደረሱት ከተቀበሩ በኋላ ነበር። የአራት ዓመቱን ትምህርት በሦስት ዓመት ጨርሰው በ1903 ዳርትማውዝ ኮሌጅ ገቡ፤ በ1907ም በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ።

በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ

ለጥቁር ምሁር በነጮች ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ሥራ ማግኘት በዚያን ጊዜ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ጀስት በ1907 በዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ ተቀጠሩ። መጀመሪያ እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ወደ ሥነ ሕይወት ተዛወሩ። በ1912 የሥነ እንስሳት ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኑ፤ በዚሁ ኃላፊነትም እስከ ዕለተ ሞታቸው ቆዩ። በ1911 በዩኒቨርሲቲው የተመሠረተውን የኦሜጋ ሳይ ፋይ የተማሪዎች ማኅበር ካቋቋሙት አራት ሰዎች አንዱ ናቸው። ጥቁር አሜሪካውያን ላስመዘገቡት የላቀ ሥራ የሚሰጠው የስፒንጋርን ሜዳልያ በ1915 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ተሸላሚው ጀስት ነበሩ።

ምርምር በዉድስ ሆል

ከ1909 ጀምሮ ጀስት በማሳቹሴትስ ግዛት የባሕር ዳርቻ፣ በዉድስ ሆል የባሕር ሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ መሥራት ጀመሩ። ሃዋርድ ሲዘጋ በየዓመቱ እየሄዱ ወደ 20 ለሚጠጉ የምርምር ወቅቶች እዚያ ሠርተዋል። አስተማሪያቸው የሺካጎ ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ሊሊ ነበሩ። ሊሊ የባሕር እንስሳት እንቁላል የራሱን ዝርያ ስፐርም የሚስብና የሚያጣብቅ ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጀስት የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1916 ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተቀበሉ።

የመጀመሪያው የምርምር ጽሑፋቸው በ1912 ታተመ። ኔሬይስ በተባለው የባሕር ትል እንቁላል ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ እንቁላሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለት የሚከፈልበት መሥመር ስፐርሙ በገባበት ነጥብ በኩል እንደሚያልፍ አሳዩ። በ1919 ደግሞ ከባሕር ጃርት ጋር የሚዛመድ ጠፍጣፋ እንስሳ እንቁላልን አጠኑ። ስፐርም እንቁላሉን በነካ ጊዜ፣ ከተነካው ነጥብ የሚነሳ ለውጥ እንደ ማዕበል በእንቁላሉ ገጽ ላይ እንደሚዞር ተመለከቱ። ሽፋኑ ከእንቁላሉ ላይ ከመነሳቱ በፊት ገጹ ለሌሎች ስፐርሞች ዝግ ይሆናል። ይህ ለእንስሳው ህልውና ወሳኝ ነው፤ ከአንድ በላይ ስፐርም ከገባ የህዋሱ ክፍፍል ተዛብቶ ፅንሱ ይሞታል።

ጀስት በጥንቃቄያቸው የተመሰከረላቸው ነበሩ። የብርጭቆ ዕቃው ንጽሕና፣ የባሕር ውኃው ሙቀት፣ የእንቁላሉ መብሰል ሁሉ ውጤቱን እንደሚለውጥ ያስተምሩ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራቸው ሲበላሽባቸው ምክር የሚጠይቁት እሳቸውን ነበር። ዣክ ሎብ የተባሉት ስመ ጥር ሊቅ እንቁላል ያለ ስፐርም በኬሚካል ሊቀሰቀስ እንደሚችል በማሳየት ታውቀው ነበር፤ ጀስት ግን የሎብ ማብራሪያ የሕያው እንቁላልን ሥራ አይገልጽም ብለው ተቹት። ቀድሞ ይደግፏቸው የነበሩት ሎብም ከዚያ በኋላ ተቃዋሚያቸው ሆኑ።

በአውሮፓ

ጀስት ለሙሉ ጊዜ ምርምር የሚያበቃ ቦታ በአሜሪካ ባለማግኘታቸው ፊታቸውን ወደ አውሮፓ አዞሩ። በ1929 በጣሊያን በኔፕልስ የባሕር እንስሳት ምርምር ጣቢያ፣ በ1930 ደግሞ በበርሊን በካይዘር ቪልሄልም የሥነ ሕይወት ተቋም ሠሩ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የበርሊን ሥራቸው ተቋረጠ፤ በኋላም ኑሯቸውን በፈረንሳይ አደረጉ። በ1939 ስለ ህዋስ ገጽ የጻፉት ዋና መጽሐፋቸው ታተመ። በዚሁ ዓመት ከመጀመሪያ ባለቤታቸው ከኢተል ሃይዋርደን ጋር ተፋትተው ጀርመናዊቷን ሄድቪግ ሽኔትስለርን አገቡ።

በ1940 ጀርመን ፈረንሳይን ስትወር ጀስት ለአጭር ጊዜ ታሰሩ። ከተፈቱ በኋላ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተመልሰው በሃዋርድ ማስተማር ቀጠሉ። በቀጣዩ ዓመት በቆሽት ካንሰር በ58 ዓመታቸው በዋሽንግተን አረፉ።

ከሞታቸው በኋላ

በጀስት ዘመን በስፐርምና በእንቁላል ገጽ ላይ ያሉ ፕሮቲኖች ተለይተው አይታወቁም ነበር። በ1976 ሎሪንዳ ጃፌ የባሕር ጃርት እንቁላል ተጨማሪ ስፐርም የሚከለክለው በመጀመሪያ በኤሌክትሪክ ለውጥ መሆኑን አሳዩ። በ1977 ቪክተር ቫኪየርና ጋሪ ሞይ የባሕር ጃርት ስፐርም ከእንቁላል ጋር የሚጣበቅበትን ባይንዲን የተባለ ፕሮቲን ለይተው አወጡ። በኋላም አባሎን በተባለው የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ስፐርም የእንቁላሉን ሽፋን የሚበሳበት ፕሮቲን በተፈጥሮ ምርጫ ግፊት ከዝርያ ወደ ዝርያ እጅግ በፍጥነት እንደሚለወጥ ታወቀ። አንዱ ዝርያ ከሌላው እንዳይዳቀል ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። የእነዚህ ሁሉ ጥናቶች መነሻ ጀስት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመረምሩት የኖሩት የእንቁላል ገጽ ነው።

የሕይወት ታሪካቸውን ኬኔት ማኒንግ በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ ለሕዝብ አቀረቡ። የአሜሪካ ፖስታ ቤትም በ1996 ምስላቸውን የያዘ ቴምብር አወጣ።