ሩዶልፍ ሮከር፦ ከሰልፉ በፊት የነበረው ሥራ

ዘንድሮ ሕይወቱን ልንተርክላችሁ የመረጥነው ሰው ኢትዮጵያዊም እስራኤላዊም አይደለም፤ አይሁዳዊም እንኳ አልነበረም። ጀርመናዊ ነው፣ ሙያው ደግሞ መጽሐፍ መጠረዝ ነበር። ግን የዕድሜውን ጥሩ ክፍል ያሳለፈው ለንደን ውስጥ ከአይሁድ ስደተኞች ጋር ነው። ስሙ ሩዶልፍ ሮከር ይባላል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮከር አናርኪስት ነበር። ይህ ቃል በአማርኛ ብዙ ጊዜ ሥርዓተ አልበኝነት ተብሎ ስለሚተረጎም፣ ሰው ሲሰማው ቦምብና የድንጋይ ውርወራ ነው የሚታየው። በዚያ ዘመን ቦምብ የወረወሩ አናርኪስቶች ነበሩ፣ ይህን አንደብቅም። የሮከር መንገድ ግን ሌላ ነው። ሰዎች ከላይ አዛዥ ሳይጫንባቸው፣ በፈቃዳቸው ተሰባስበው፣ እርስ በርስ እየተረዳዱ ኑሯቸውን ራሳቸው መምራት ይችላሉ ብሎ ያምን ነበር። ዕድርና ዕቁብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ያን ያህል እንግዳ ነገር አይደለም። ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ አለው እንጂ ፖሊስ የለውም፤ ግን ይሠራል።

ሮከር በ1873 ማይንዝ በምትባል የጀርመን ከተማ ከካቶሊክ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱም እናቱም በልጅነቱ ስለሞቱበት ወላጅ አልባ ሕፃናት በሚያድጉበት ቤት ገባ። የዚያ ቤት ጥብቅ ሥርዓት በትእዛዝና በቅጣት መኖርን ገና በልጅነቱ አስጠላው። አድጎ መጽሐፍ መጠረዝ ተማረ፤ ንባብ ያስወደደው ደግሞ አጎቱ ነው። በወጣትነቱ የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ አባል ቢሆንም የመሪዎቹን አካሄድ ስለተቃወመ በ1890 አባረሩት። ከዚያ አናርኪስት ሆነ፣ ፖሊስም ይከታተለው ጀመር። በ1892 ወደ ፓሪስ ሸሸ። ከአይሁድ አናርኪስቶች ጋር የተዋወቀው እዚያ ነው። በ1895 መጀመሪያ ላይ ለንደን ገባ።

የለንደን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ኢስት ኤንድ የሚባለው፣ ያን ጊዜ ከሩሲያና ከፖላንድ ስደትና ድህነትን ሸሽተው በመጡ አይሁዶች ተሞልቶ ነበር። ብዙዎቹ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። በጠባብና አየር በሌለው ክፍል ታጭቀው ከጠዋት እስከ ሌሊት ይሰፋሉ፤ የሚከፈላቸውም በሰዓት ሳይሆን በሰፉት ቁጥር ነው። እንግሊዝኛ አይችሉም። የአገሬው ሠራተኛ ደግሞ በርካሽ እየሠሩ ደመወዛችንን አወረዱብን እያለ ይጠላቸዋል።

ሮከር እዚህ ሰፈር ውስጥ ከሚሊ ዊትኮፕ ጋር ተገናኘ። ሚሊ ከዩክሬን ብቻዋን የመጣች፣ ሃይማኖተኛ ቤተሰብ ያሳደጋት፣ በስፌት የምትተዳደር ወጣት አይሁዳዊት ነበረች። በ1898 ሁለቱ ሥራ ፍለጋ በመርከብ ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ። የስደተኞች ሹማምንት የጋብቻ ወረቀት ጠየቋቸው። ወረቀት የላቸውም። እዚያው ተጋቡና ግቡ ቢባሉም አብሮ መኖራችን የእኛ ፈቃድ እንጂ የመንግሥት ጉዳይ አይደለም ብለው እምቢ አሉ፤ በመጡበት መርከብ ተመለሱ። ለሚያምኑበት ነገር አሜሪካን ያህል አገር ጥለው መመለሳቸው ነው! ከዚያ ወዲያ ሚሊ እስክትሞት ድረስ፣ ጦርነትና እስር ከለያዩአቸው ዓመታት በቀር፣ አብረው ኖሩ።

በዚያው ዓመት ሊቨርፑል ከተማ ያለ አንድ ወዳጁ የአንዲት ትንሽ የዪዲሽ ጋዜጣ አዘጋጅ እንዲሆን ጠየቀው። እስቲ አስቡት፤ ክርስቲያን ሆኖ ያደገ ጀርመናዊ በዕብራይስጥ ፊደል ሊጽፍ ነው። ተማረና ጻፈ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ለንደን ውስጥ አርበተር ፍራይንድ፣ ማለትም የሠራተኛው ወዳጅ፣ የተባለው ጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። ጋዜጣው ገንዘብ አልነበረውም፣ በመሀል ተቋርጦም ያውቃል። በ1900 ዤርሚናል የተባለ ሌላ መጽሔት ሲጀምሩ እሱና ሚሊ ፊደሉን በገዛ እጃቸው እየለቀሙ ነበር የሚያሳትሙት። መጽሔቱ ስለ ፖለቲካ ብቻ አልነበረም፤ ሥነ ጽሑፍ፣ ቴአትርና ፍልስፍና ለልብስ ሰፊው በቋንቋው ይቀርብለት ነበር። ሮከር ማታ ማታ ያስተምራል፤ በዕረፍት ቀን ሠራተኞቹን ይዞ ብሪቲሽ ሙዚየም ይገባል። አሥራ አራት ሰዓት ሲሰፋ የሚውል ሰው የጥንት ሐውልት ፊት ቆሞ ማብራሪያ ይሰማል ማለት ነው።

በየካቲት 1906 ጁብሊ በሚባለው ጎዳና ላይ የሠራተኞች ክበብ ከፈቱ። የውጭ ስደተኛ ወደ እንግሊዝ እንዳይገባ የሚገድበው ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ገና አንድ ወሩ ነበር። አዳራሹ ስምንት መቶ ያህል ሰው ይይዛል፤ በምርቃቱ ቀን ስመ ጥሩው ሩሲያዊ አናርኪስት ፒዮትር ክሮፖትኪን ተገኝቶ ንግግር አድርጓል። ውስጡ ቤተ መጻሕፍት፣ የንባብ ክፍልና ሻይ የሚጠጣበት ቦታ ነበረው። ለአዲስ መጤ እንግሊዝኛ ይሰጣል፤ እኛ ኡልፓን እንደምንለው መሆኑ ነው። ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍና በአደባባይ የመናገር ችሎታም ይማሩበታል። አባል ያልሆነ ሰው ገብቶ መማርም መቀመጥም ይችል ነበር፤ እምነትህ ምንድን ነው የሚለው የለም።

ስለ እምነት ካነሳን አንድ ነገር እንጨምር። ከሮከር ጓዶች አንዳንዶቹ በዮም ኪፑር ቀን ሆን ብለው ድግስ ያዘጋጁ ነበር፤ በዚህም የሰፈሩ ጿሚ ክፉኛ ያዝን ነበር። ሮከር ራሱ ሃይማኖተኛ አልነበረም፤ ነገር ግን ይህን አልወደደውም። የሚጸልይ ሰው በጸሎት ቤቱ፣ የማይጸልይም በራሱ ቦታ ይሁን፤ ሰውን ማስቀየም ማንንም ነፃ አያወጣም የሚል አቋም ነበረው። አብሮት የሚኖረውን ሕዝብ ማክበሩ ነው በኋላ እንዲሰማ ያደረገው።

ፈተናው በ1912 መጣ። የለንደን ምዕራብ ልብስ ሰፊዎች፣ አብዛኞቹ አይሁድ ያልሆኑ፣ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። አሠሪዎች ሥራውን ወደ ኢስት ኤንድ አዞሩት። አይሁዶቹ ዝም ብለው ቢሰፉ አድማ ሰባሪ ሊባሉ ነው፤ የድሮው ጥላቻም ሊባባስ ነው። ሮከር በጋዜጣውና በስብሰባ ጉዳዩን አስረዳ። በግንቦት ወር ሺዎች አዳራሽ ሞልተው እነሱም አድማ ለመምታት ወሰኑ፤ በሁለት ቀን ውስጥ 13,000 ያህል ልብስ ሰፊ መርፌውን አስቀመጠ። ከሌላቸው ላይ አዋጥተው ለአድመኛው ምግብ ማብሰያ ከፈቱ፤ ጋዜጣውም በየቀኑ መውጣት ጀመረ። ሦስት ሳምንት ታገሉና አሸነፉ፤ የሥራ ሰዓት አጠረ፣ በሰፉት ቁጥር መከፈል ቀረ፣ የሥራ ቦታውም ንጽሕና እንዲሻሻል ተስማሙ።

ታሪኩ እዚህ ላይ አላበቃም። በዚያው ሰሞን የለንደን ወደብ ጫኝና አውራጆችም አድማ ላይ ነበሩ፣ ልጆቻቸውም ተራቡ። ራሳቸው ገና ከአድማ የወጡት አይሁድ ቤተሰቦች ከሦስት መቶ በላይ የሚሆኑ የእነዚህን እንግሊዛውያንና አየርላንዳውያን ሠራተኞች ልጆች ቤታቸው ወስደው አበሉ፤ ጫማና ልብስም አለበሱ። ሚሊና ጓደኞቿ ናቸው ልጆቹን ሲቀበሉና ሲያከፋፍሉ የነበሩት። የወደቡ አድማ በመጨረሻ ተሸነፈ። ልጆቹ ግን ማን እንዳበላቸው ወላጆቻቸው አልረሱትም።

ከዚያ በ1914 ጦርነት መጣና ሁሉን በተነው። ሮከር ጀርመናዊ በመሆኑ ብቻ የጠላት አገር ሰው ተብሎ ታሰረ። አሌክሳንድራ ፓላስ በተባለው ማጎሪያ እንኳ ዝም አላለም፤ ለእስረኞች ትምህርት ይሰጥ ነበር። ሚሊም ጦርነቱን በመቃወሟ ታሰረች፤ ክበቡም ጋዜጣውም ተዘጉ። በ1918 ከእንግሊዝ ተባርሮ ወደ ጀርመን ተመለሰ፣ በዚያም የሠራተኛ ማኅበራትን በማደራጀት ሠራ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ሁለቱ የመጽሐፍ ረቂቅ ይዘው አመለጡ። ብሔርተኝነትና ባህል የተባለው ይህ መጽሐፍ በ1937 አሜሪካ ታተመ። ያቺው በ1898 የመለሰቻቸው አሜሪካ በመጨረሻ መጠጊያ ሆነቻቸው። ኒው ዮርክ አጠገብ ሞሄጋን በተባለች የአናርኪስቶች መንደር ኖረው ሚሊ በ1955፣ ሮከር በ1958 አረፉ።

ታዲያ ይህን ሰው ለምን መረጥነው? ሁላችሁም እንደምታስታውሱት በ2015 እና በ2019 ወጣቶቻችን ሃፍጋና ወጥተዋል፤ አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ሃፍጋና መውጣት ተገቢ ነው፣ ዛሬም እንወጣለን። ጥያቄያችን በማግስቱ ወዴት ነው የምንሄደው የሚለው ነው። ብዙዎቻችን ወደየቤታችን ነው የሄድነው። የለንደን ልብስ ሰፊዎች ግን በአንድ ምሽት ተነስተው አልነበረም አድማ የመቱት። ከዚያ ምሽት በፊት አሥራ አራት ዓመት ያህል የጋዜጣ፣ የማታ ትምህርትና የሻይ ሥራ አለ። ሲጠሩ የመጡት ጠሪውን ስለሚያውቁት ነው፤ ሳምንታት ሳይከፈላቸው የቆዩትም የሚያበላቸው እንዳለ ስላዩ ነው።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ዕድርና ዕቁቡ በወላጆቻችን እጅ አለ፤ እኛ ወጣቶች ግን ብዙ ጊዜ የአሮጊቶች ነገር ነው ብለን ትተነዋል። አማርኛና ዕብራይስጥ እኩል የምንችል ልጆች አለን፤ የሰፈራችን ሽማግሌ ግን የመጣለትን ደብዳቤ የሚያነብለት አጥቶ በኪሱ ይዞት ይዞራል። ማትናስ ውስጥ ማታ ማታ ባዶ የሚያድር ክፍል አለ። በሳምንት አንድ ምሽት እዚያ ተቀምጦ ደብዳቤ ማንበብ፣ ለትንንሾቹ የቤት ሥራ ማገዝ፣ ሥራ ቦታ ሒሳቡ የተቆረጠበትን ሰው ወረቀት አብሮ ማየት የማንንም ፈቃድና ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሩዶልፍ ሮከር ቋንቋችንን ለመማር የተነሳ ባዕድ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ነበር የሚጀምረው። እኛ ደግሞ ቋንቋውን ከናታችን ጋር ተምረነዋል፤ የቀረን ክፍሉን መክፈት ነው።