አባ ጎርጎርዮስ፤ ከመካነ ሥላሴ እስከ ጎታ

በየዓመቱ ተመራቂዎች የክብር ልብሳቸውን ካወለቁ በኋላ እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁት ነገር አንድ ዐይነት ነው። ይኸውም ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመማር፣ ለመመራመር ወይም ለማስተማር ወጪውን የሚችል ማን ነው የሚል ነው። እኛም ከተመረቅን ገና ብዙ ጊዜ ስላልሆነን ጥያቄው ለኛ እንግዳ አይደለም። በዚህ ጨዋታ ላይ የሚነሡት ስሞች ሁሉ የቅርብ ጊዜ ስሞች ናቸው። በ1925 የተመሠረተው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት፣ በ1946 በአሜሪካ ሕግ የቆመው የፉልብራይት ዕድል፣ በ1987 በአውሮፓ የተጀመረው ኤራስመስ በየተራ ይጠራሉ። ከነዚህ ሁሉ እጅግ አስቀድሞ ግን አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ በአንድ የጀርመን መስፍን ወጪ ተጋብዘው ሄደው፣ አስተምረው፣ ለዓለም የዕውቀት በር ከፍተዋል። እኒህ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ወደ ታሪካቸው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። ዕውቀት ፈላጊን በሌላው ሰው ወጪ ማኖር ለአገራችን ዐዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ዜማውን ከአንዱ፣ ቅኔውን ከሌላው፣ ትርጓሜውን ከሦስተኛው መምህር ለመማር አገር አቋርጦ ይሄድ ነበር። ስንቁን የሚሰጠው የማያውቀው የመንደር ሰው ነበር። ባለቤቲቱ ቁራሽ እንጀራ ስትሰጠው ውል አታስፈርመውም። ልጁ ነገ ሊቅ ይሁን አይሁን የምታውቀው ነገር የለም። ትምህርት እንዲህ ባለ እምነት ላይ የቆመ መሆኑን የአባ ጎርጎርዮስም ሕይወት ያስረዳናል።

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ1595 ግድም፣ በጥንቱ የአማራ ግዛት፣ ዛሬ ወሎ በምንለው አገር፣ መካነ ሥላሴ በተባለው ቦታ ነው። መካነ ሥላሴ ዐፄ ናዖድ አስጀምረውት ዐፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት፣ በወርቅ ጌጡ የታወቀ ቤተ ክርስቲያን የነበረበት ስፍራ ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን በ1531 በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጠለ። እንግዲህ አባ ጎርጎርዮስ ያደጉት የቀድሞው ክብር በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ይነገርበት በነበረ አገር ነው ማለት ይቻላል። ግዕዝን የሚያውቁ፣ የቤተ ክርስቲያንን መጻሕፍት ያነበቡ፣ በአማርኛም አፋቸውን የፈቱ ሰው ነበሩ። ይህ ሁለቱን ቋንቋ አጣምሮ መያዝ በኋላ ትልቅ ሀብት ሆነ።

ጐልማሳነታቸው የዋለው በአስቸጋሪ ዘመን ላይ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በአዋጅ ከተቀበሉ በኋላ አገሩ በሁለት ተከፍሎ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሠ ነገሥቱ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። አባ ጎርጎርዮስ ከነዚህ ሚሲዮናውያን ጋር የተቀራረቡ ስለ ነበሩ እርሳቸውም ከአገራቸው ወጡ። ከብዙ መንከራተት በኋላ የደረሱት ሮም ነው። በዚያም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነበረ። ይህ ቤት ትንሽ ቢሆንም በመጻሕፍት ታሪክ ውስጥ ስሙ ትልቅ ነው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ከዚሁ ገዳም መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ። አባ ተስፋ ጽዮንም በ1548 እና በ1549 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በዚያው ከተማ አሳትመዋል። አባ ጎርጎርዮስ የገቡት ወደዚህ ቤት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሰሜን አሻግረን ሌላውን ሰው እንመልከት። ኢዮብ ሉዶልፍ በ1624 ኤርፉርት በተባለው የጀርመን ከተማ ተወለደ። አገሩ በ1618 በተነሣውና ሠላሳ ዓመት በፈጀው ጦርነት ስትነድድ ልጅነቱን ጨረሰ። የተማረው ሕግ ቢሆንም ልቡ በቋንቋ ላይ ነበር፤ ከቋንቋዎችም ሁሉ ግዕዝ በለጠበት። መምህር ግን አልነበረውም። በእጁ የነበረው በ1638 በሮም እንደ ታተመው የቬመርስ መዝገበ ቃላት ያለ ጥቂት መጽሐፍ ብቻ ነበር። ፊደሉን ለየ፤ ድምፁን ግን ከማን ይስማው። በ1649 የስዊድን መንግሥት የሚፈልጋቸውን አንዳንድ የታሪክ ጽሑፎች ለመፈለግ ወደ ሮም ተላከ። የመንገዱን ወጪ የከፈሉት ሰዎች ያሰቡት ሌላ ነው፤ እርሱ በታሪክ የሚታወሰው ግን በዚህ ጕዞ የቅዱስ እስጢፋኖስን ገዳም በር በማንኳኳቱ ነው።

በገዳሙ ያገኛቸው ኢትዮጵያውያን አራት ነበሩ። ወጣቱ ከመጽሐፍ ብቻ የተማረውን ግዕዝ ማንበብ ሲጀምር ሣቃቸውን መቈጣጠር አልቻሉም። ፊደል በዐይን ብቻ የተማረ ሰው ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን ከወዴት ያውቃል። አባ ጎርጎርዮስ ግን ከሣቁ በኋላ አስተማሩት። በዚያን ጊዜ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ያህል ነበሩ፤ ተማሪው ገና ሃያ አምስት ነበር። በሃይማኖት አንድ አልነበሩም፤ ሉዶልፍ የሉተር ተከታይ ነው፤ መምህሩ የሚኖሩት በፓፓው ከተማ ነው። አንዱ በሌላው ላይ የነበረው ፍላጎት ግን ይህን ሁሉ አሸነፈ።

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ባለሟል ሆነ። መስፍኑ በሃይማኖተኛነታቸው መንፈሳዊው ኤርንስት የሚባሉ ነበሩ። እኒህ ሰው ጦርነቱ ገና ሳያልቅ በ1642 በግዛታቸው የትምህርት ቤት ሥርዐት አውጥተው፣ የድኻውም ልጅ ቢሆን እንዲማር አዝዘዋል። በ1643 ደግሞ ፍሪደንሽታይን የተባለውን ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ የስሙ ትርጓሜ የሰላም ድንጋይ ማለት ነው። ሰላሙ በ1648 መጣ። መስፍኑም ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያዊው መምህር የነገራቸውን በሰሙ ጊዜ አባ ጎርጎርዮስ ከሮም ወደ ጎታ እንዲመጡ በራሳቸው ወጪ ጋበዟቸው። ከጦርነት ገና ለወጣ ትንሽ ግዛት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እርግጥ ነው፤ ሰጪው ያለ ዐላማ አልሰጡም። በሩቅ አገር ያለችው የክርስቲያን መንግሥት እምነቷ እንዴት ያለ እንደ ሆነ፣ ከርሷም ጋር ወዳጅነት ይገኝ እንደ ሆነ ለማወቅ ይሹ ነበር። ወጪ የሚከፍል ሰው የሚሻው ነገር አያጣም፤ ይህ ትናንትም ዛሬም ያው ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ጥሪውን ተቀብለው የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ወደ ጀርመን ገቡ። ሉዶልፍም ኑረንበርግ ድረስ ሄዶ ተቀበላቸው። በኛ አገር ክረምት፣ በነርሱ አገር በጋ በሆነበት ወራት፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር በፍሪደንሽታይን ተቀመጡ። መስፍኑና ሊቃውንቶቻቸው ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፣ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ወንዙና ተራራው፣ ስለ አራዊቱ፣ ስለ ሕዝቡ ልማድ ይጠይቋቸው ነበር። ሉዶልፍም ከመምህሩ አጠገብ ሳይለይ ይጽፋል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ስለ ኢትዮጵያ በአውሮፓ የተጻፈው አብዛኛው መንገደኛና ሚሲዮናዊ አይቶ የጻፈው፣ ወይም ከወሬ የተለቀመ ነበር። አሁን ግን ጥያቄው የሚቀርበው ለአገሩ ሰው ነው፤ ስሕተቱንም የሚያርም እርሱ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግዕዙን ብቻ አላስተማሩም። በመጽሐፍ ያልሰፈረውን፣ የቤትና የገበያ ንግግር የሆነውን አማርኛንም ለሉዶልፍ ሰጡት። በአባታቸው ቤት የተናገሩት ቋንቋ በሩቅ አገር የሊቅ ብራና ላይ ሲሰፍር ማየታቸው ምን ያህል ደስ አሰኝቷቸው ይሆን እያልን እናስባለን።

በዚያው ዓመት በጋው ሲያልቅ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ሮም ተመለሱ። ከዚያ በኋላ መምህርና ተማሪ በዐይነ ሥጋ አልተያዩም። ትምህርቱ ግን በደብዳቤ ቀጠለ። ሉዶልፍ ያልገባውን ቃል እየጠየቀ በግዕዝ ይጽፋል፤ አባም በግዕዝ ይመልሱለታል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሆነው ቈዩ። አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን አልረሱም። ዕድሜያቸው ከስድሳ ካለፈ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ተነሡ። በ1658 የተሳፈሩባት መርከብ ዛሬ የቱርክ ግዛት በሆነው በእስክንድሮና ባሕር ላይ ተሰበረችና ሰጥመው ሞቱ። ወደ ውጭ የወጣው ሊቅ ወደ አገሩ ሳይገባ ቀረ። ለጎታ ያስተማሩትን ያህል፣ በጎታ ያዩትን ለጎንደር ሊቃውንት የመናገር ዕድል አላገኙም። ይህ የታሪኩ መራራ ክፍል ነው።

ዘሩ ግን በቀለ። መምህሩ በሞቱ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1661፣ የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በሎንዶን ታተሙ። በ1681 በአራት ክፍል የጻፈው የኢትዮጵያ ታሪክ በፍራንክፈርት ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ተተረጐመ። በ1683 የኢትዮጵያን ካርታ አወጣ። በ1691 ለታሪኩ ያዘጋጀውን ሰፊ ሐተታ አሳተመ። በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ታተሙ። ከዚያ በፊት በአውሮፓ የታተመ የአማርኛ ሰዋስው አልነበረም። አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ አርባ ዓመት ሆኗቸው ነበር ማለት ነው። ሉዶልፍ ራሱ በ1704 ሞተ። በነዚህ መጻሕፍት ገበታ ላይ የደራሲው ስም የሉዶልፍ ነው። ሆኖም ተማሪው ውለታ በላ አልነበረም። ዕውቀቱን ከማን እንዳገኘ በታሪኩ ውስጥ ገልጦ ጽፏል፤ በ1691ዱም ሐተታ የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል አስገብቷል። ዛሬ መልካቸውን የምናውቀው በዚሁ ሥዕል ነው።

ገንዘብ ብቻውን ዕውቀትን እንደማይወልድ ለማሳየት ደግሞ አንድ ሌላ ሰው እንጥቀስ። ሚካኤል ቫንስሌብ የሉዶልፍ ተማሪ ነበር፤ የ1661ዱን መጻሕፍት በሎንዶን ያሳተመውም እርሱ ነው፤ ባሳተመበት ጊዜ ግን ያለ ፈቃድ በመጨማመሩ መምህሩን አስቀይሟል። መስፍን ኤርንስት በ1663 ስንቅና ገንዘብ ሰጥተው ወደ ኢትዮጵያ ላኩት። ይህ ሰው ግብጽ ደረሰ፤ ከዚያ ግን አላለፈም። ወደ ሮም ተመልሶ ካቶሊክ ሆነና መነኰሰ። በ1671 ደግሞ በፈረንሳይ መንግሥት ወጪ እንደገና ወደ ምሥራቅ ተላከ፤ ለንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ፤ ኢትዮጵያን ግን ሳያይ በ1679 ሞተ። የሁለት መንግሥት ገንዘብ ይህን ሰው ኢትዮጵያ ሊያደርሰው አልቻለም። አንድ ሽማግሌ መነኵሴ ለአንድ በጋ የበሉት እንጀራ ግን ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው ትምህርት መሠረት ሆነ። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ የሄዱት ባዶ እጃቸውን አለመሆኑ፣ የሚጠብቃቸውም ሰው በእውነት ለመማር የተዘጋጀ መሆኑ ነው።

ዛሬ በጀርመን አገር፣ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ማእከል በኢዮብ ሉዶልፍ ስም ይጠራል። ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈው ታላቁ መዝገበ ዕውቀትም የተዘጋጀው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ማእከሉ በተማሪው ስም ተጠራ፤ የመምህሩን ስም መጥራት ግን የኛ የአገራቸው ልጆች ፈንታ ይመስለናል።

የውጭ ዕድል የምንፈልግ ወጣቶች የማመልከቻውን ወረቀት በምንሞላበት ጊዜ ምን እናገኛለን ብለን ብዙ እናስባለን። ምን ይዘን እንሄዳለን ብለን የምናስበው ጥቂት ነው። አባ ጎርጎርዮስ ዲፕሎማ አልነበራቸውም። የያዙት የአገራቸውን ቋንቋና ዕውቀት ነበር፤ መስፍኑም የጋበዟቸው ስለዚሁ ነው። እንግዲህ ግዕዙን፣ ቅኔውን፣ የገበሬውን ዘዴ፣ የባላገሩን ሕግ ጠንቅቆ ያላወቀ ወጣት ከውጭ ለመቀበል እንጂ ለመለዋወጥ አይሄድም። ልውውጥ ደግሞ በስሙ እንደሚታወቀው የሁለት ወገን ነገር ነው።

ዕድሉን ለሚሰጡትም የምንለው አለን። ጎታ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ያህል ለኢትዮጵያ አልደረሳትም፤ አንደኛው መንገደኛ ሰጠመ፤ ሁለተኛው ከመንገድ ቀረ። የመሄጃው ወጪ ሲታሰብ የመመለሻውም፣ ከተመለሱም በኋላ የሚሠሩበት ቦታና መሣሪያ ዐብሮ ይታሰብ። አባ ጎርጎርዮስን ባሕሩ አስቀራቸው። ዛሬ ባሕሩን በአውሮፕላን በሰዓታት እንሻገረዋለን፤ ሳይመለስ የሚቀረው ግን ከዚያን ጊዜ ይልቅ በዝቷል። በእስክንድሮና የሰጠመውን ዕውቀት መልሰን ማውጣት አንችልም፤ የሚቀጥለው እንዳይሰጥም ማድረግ ግን ከሰጪውም ከተቀባዩም እጅ አይወጣም።